የሐምሌ ቀሚስ

ለልጄ ለመቅደላዊት፣ እግዜር ከክፉ ይሰውርሽ፤ የሰው አገር የእናት ቤት ይሁንልሽ። አባትሽም እኔም ደህና ነን። አሰላ ዝናቡ ገብቷል።

ለቀለበትሽ የምትለብሺው ቀሚስ አለቀ። ቀለበቴ ሐምሌ ነው ስትዪኝ ብርዱን አስቤ፣ እጅጌውን አስረዝሜ ወፍራም ገበር አድርጌለት ነበር። ጎረቤታችን ሄለን አይታ፣ «እትዬ ብርቄ፣ እዚያ እኮ ሐምሌ ሙቀት ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። በንዴት ተረተርኩት። ስተረትረው ለወላጆች ቀን የሰፋሁልሽ ቢጫ ቀሚስ ትዝ አለኝ። ሹራብ አልደርብበትም ብለሽ ወጥተሽ፣ ዝናብ አበስብሶሽ ተመለስሽ። የሞቀሽ እቅፌ ውስጥ ገብተሽ ነው።

አሁን ቀሚሱ ስስ ነው፤ ሲመሽ ነጠላ ደርቢበት እሺ? ማርያም ትዳርሽን ታሳምርልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ታብቃሽ። ገበሩን አልጣልኩትም። እጮኛሽን ይዘሽልኝ በእኛ ሐምሌ ነይ፤ መልሼ እሰፋልሻለሁ።

እናትሽ ብርቄ