ሃያ ሰባት ዓመት በ«ለጊዜው»፦ የእቴቴ የሕይወት ታሪክ

እቴቴ ከአናጢ አባታቸውና የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ከነበሩት እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን ለቤተሰቡ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ወፍጮው ሲነሣ ግድግዳው ሁሉ ስለሚንቀጠቀጥ በዚያ ቤት ያደገ ሰው ጮክ ብሎ መናገር ግዴታው ነበር። እቴቴም ሹክ ማለት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ኖረዋል። ምስጢሩን ነግሯቸው የተበተነበት ሰው ዛሬ እዚህ ካለ፣ ቤተሰቡ ስለ እሳቸው ይቅርታ ይጠይቃል።

በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። የእጅ ጽሑፋቸው ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ስለነበር አስተማሪዎቹ የክፍሉን የስም መዝገብ የሚያስጽፉት እሳቸውን ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥተው እንደ ጨረሱ ግን እናታቸው ወገባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። አባታቸውም፣ «ልጄ፣ ለጊዜው እቤት ሁኚና እናትሽን አግዢያት። ሲሻላት ትመለሻለሽ» አሏቸው። እናታቸው ተሻላቸው። እቴቴ ግን አልተመለሱም፤ ወንበራቸው ለሌላ ልጅ ተሰጥቶ ነበር። ይህች «ለጊዜው» የምትባል ቃል ወደ ሕይወታቸው የገባችው ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ ጎረቤት ድመት በዚህ ሲያባርሯት በዚያ ትገባ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. እናታቸው በሚሠሩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠሩ። ቅጥሩ ጊዜያዊ ነው ተባለ፤ ጊዜያዊነቱም አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። ካርድ ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ብቻ ነበር። እቴቴ መሰላል ላይ ቆመው የሰውን ሁሉ በሽታ ከነቁጥሩ ያውቁ ነበር። ስሙ በአንድ ፊደል ተሳስቶ የተጻፈ በሽተኛ ካርዱ አይገኝም፤ ካርዱ ያልተገኘ ደግሞ ሐኪም ዘንድ አይገባም። ስለዚህ «በአንድ ፊደል ሰው ይጠፋል» ይሉ ነበር። ይህንን የሚሉት ለሥራ ባልደረቦቻቸው ብቻ አልነበረም፤ እቤትም የገበያ ዝርዝር ላይ ሽንኩርትን አሳስቶ የጻፈ ሰው አይተርፍም።

በ1970 ዓ.ም. ከሆስፒታሉ አምቡላንስ ሹፌር ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው በመንገድ ላይ ነፋስ ነበሩ ይባላል። እቤት ሲገቡ ግን አንድ አምፖል ለመቀየር ሦስት ወር ይፈጅባቸው ስለነበር እቴቴ፣ «አምፖሉ በሽተኛ ነው ልበልህ እንዴ?» ይሏቸው ነበር። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

እቴቴ ከምንም ይልቅ የሚታወቁበትን ሥራ የጀመሩት በ1989 ዓ.ም. ነው። አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው፣ መጋቢው በስብከታቸው መሃል ሳሉ፣ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ከመድረኩ ሥር ተሽሎክልኮ ገብቶ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቀለው። የመጋቢው አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። አንዳንድ ምዕመናን ያን ስብከት እስከ ዛሬ በደስታ ያስታውሱታል። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ልጆቹን ዘበኛው በር ላይ ይያዛቸው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። እቴቴ ማንም ሳይጠራቸው ገብተው፣ «ልጅ ከብት ነው እንዴ በር ላይ የሚያዘው? ልጅ ይማራል እንጂ! ቅዳሜ ጠዋትን ለእኔ ስጡኝ» አሉ። ድምፃቸው የወፍጮ ቤት ድምፅ ስለነበር ጥያቄው ወዲያው ጸደቀ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የልጆች የመጽሐፍ ቅዱስ ክበብ እንዲሆን ተወሰነ። ቦታውን በተመለከተም «ለጊዜው ዕቃ ቤቱን ይጠቀሙ» ተባለ። ዕቃ ቤቱ አምስት እርምጃ በስድስት ነው። እግራቸው የተሰበረ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሆዳቸው የወጣ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች፣ የመዘምራን የድሮ ልብስ በካርቶን፣ አሥራ ሰባት ባዶ የቀለም ባልዲ ነበረበት። መስኮቱ አንድ ነው፤ የሚያሳየውም የውኃ ታንከሩን ነው። ልጆቹ ባልዲዎቹን ገልብጠው ተቀመጡባቸው፤ ያልደረሰው እጥፍ ብሎ መሬት ተቀመጠ። የያኔው የቢሮ ሠራተኛ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፉ፦ «የልጆች ክፍል። ለጊዜው።»

ልጆቹ ገና ፊደል እየለቀሙ ነበርና የበሩን ጽሑፍ እንደ ስም አነበቡት። ለእነሱ ክፍሉ ስሙ «ለጊዜው» ሆነ። «እማዬ፣ ለጊዜው ልሂድ?» «ጫማዬን ለጊዜው ውስጥ ረሳሁት!» ይባል ጀመር። አንድ ቅዳሜ እቴቴ፣ ኖኅ እንስሳቱን ሁሉ የት አስገባቸው ብለው ቢጠይቁ አንዷ ልጅ ፈጥና፣ «ለጊዜው!» ብላ መለሰች። የዚያን ክፍል መጨናነቅ ያየ ሰው ልጅቷ ተሳሳተች ለማለት ይቸገራል። እቴቴም መጀመሪያ ሳቁ። በሁለተኛው ዓመት ፈገግ አሉ። በአምስተኛው ዓመት መሳቅ ትተው ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ።

ክበቡን የሚመሩት እንደ ካርድ ክፍል ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ካርድ አለው፤ ካርዱም ላይ ቁጥር፣ የልጁ ስም ራሱ ልጁ እንደሚጠራው፣ ማን እንደሚወስደው፣ ምን እንደሚያስለቅሰው ይጻፋል። «ውሻ ትፈራለች።» «ሲያፍር ይማታል፤ አይቆጡት።» «አባቱ ርቆ ይሠራል፤ ስለ አባት ሲወራ ይታይ።» አንድ ልጅ ሁለት ቅዳሜ ከቀረ እቴቴ ካርዱን ይዘው እቤቱ ይሄዱ ነበር። አንዳንድ ወላጅ ሲያያቸው፣ «ኧረ ደኅና ነው እቴቴ፣ ተኝቶ ነው» ይላል። እሳቸውም፣ «እንግዲያው ሲተኛ ልየው» ብለው ይገባሉ።

ይህን ሥራ ለሃያ ሰባት ዓመት ብቻቸውን ሠሩት። ብቻቸውን የሆኑት ወድደው አልነበረም፤ ቤተሰቡ ይህ እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ረዳት ልሁን ብሎ ያልመጣ የለም። ረዳት ማለት የመጀመሪያዋን ቅዳሜ በመዝሙር፣ ሁለተኛዋን በይቅርታ፣ ሦስተኛዋን ስልክ በማጥፋት የሚያሳልፍ ሰው ነው። ወላጆችም ቢሆኑ፣ «እቴቴ፣ አንዴ ገበያ ደርሼ ልምጣ» ብለው ልጅ ትተው ሄደው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፀጉር ቤት ሽታ ይዘው የሚመለሱ ነበሩ። መዘምራኑ ዓርብ ማታ ከበሮአቸውን በሩ ሥር ቆልለው ስለሚሄዱ እቴቴ ቅዳሜ ጠዋት ከማስተማራቸው በፊት ጫኝና አውራጅ ነበሩ። ለተሻለ ክፍል አሥራ አራት ደብዳቤ ጽፈዋል፤ የአሥራ አራቱም መልስ «ጉዳዩ ይታያል» ነው። አንድ ጊዜ መነጽራቸው ሲወፍር፣ «እነሱ ይታያል ሲሉ ሲሉ እኔ ማየት አቃተኝ» አሉ።

በ2005 ዓ.ም. ግን ተስፋ መጣ። ቤተ ክርስቲያኒቱ አዲስ ሕንፃ ልትሠራ ሆነና ጸሐፊው የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ዘርዝሮ ለመሐንዲሱ እንዲሰጥ ታዘዘ። ይህ ጸሐፊ ራሱ የክበቡ ልጅ ነው፤ ካርድ ቁጥር ሰባት። ልቡ ንጹሕ ነው፤ እቴቴንም ይወዳል። በዝርዝሩ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አንድ ሰፊ ክፍል፣ ለለጊዜው ክበብ።» ያደገበትን ክፍል ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ስም ሰጥቶት አያውቅማ! መሐንዲሱ ግን የክበቡ ልጅ አልነበሩም። ሁለቱን «ለ» አዩና ጸሐፊው ተሳስቶ ደግሞት ነው ብለው አንዱን ሰረዙት። «አንድ ሰፊ ክፍል፣ ለጊዜው ክበብ» ሆነ። ክፍሉ ለጊዜው ክበብ ከሆነ፣ ኋላ ሌላ ነገር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ሕንፃው ሲያልቅ ያ ሰፊ ክፍል፣ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ያሉት፣ የቆዳ ወንበር ገባበትና የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ሆነ።

እቴቴ ይህን የሰሙት በምረቃው ዕለት ነው። ልጆቹን አሰልፈው፣ ፀጉራቸውን አስበጥረው፣ በአዲሱ ክፍል በር ላይ ቆመው ነበር። በሩ ሲከፈት የቆዳ ወንበሩን አዩት። ልጆቹን መልሰው ወደ ዕቃ ቤቱ አስገቡና ያን ቀን ስለ ክፍሉ ምንም ሳይሉ ስለ ዮናስ አስተማሩ። ዝም ያሉበት ብቸኛው ቀን እሱ ስለሆነ ቤተሰቡ ሐኪም ሊጠራ ነበር።

በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ ግን አንድ ካርድ ይዘው ገቡና ቆመው አነበቡ፦ «ቁጥር ሰባት። ጨለማ ይፈራል፤ መስኮት አጠገብ ይቀመጥ።» ጸሐፊው እስከ ጆሮው ቀላ። «እቴቴ፣ አሁን እኮ ሰው ፊት ነን፤ እኔም ጸሐፊ ነኝ» ቢላቸው፣ «ጸሐፊነትህንማ አየሁት! ሃያ ዘጠኝ ልጅ መስኮት አጥቶ ያለው በአንተ ‹ለ› ነው። መስኮት አጠገብ ያስቀመጥኩህ እንድትረሳ ነው?» አሉት። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አዘኑም። ከዚያም ጉዳዩ ይታያል አሉ።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ጡረታ ሲወጡ ያርፋሉ ያለ ሰው እሳቸውን አያውቅም፤ ክበቡን ከአንድ ቅዳሜ ወደ ቅዳሜና ረቡዕ ሊያሳድጉት ፈልገው ረቡዕ ዕቃ ቤቱ የከበሮ ነው ተብለው ተከለከሉ።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ዘንድሮ ሲብስባቸው አርባ አንድ ዓመት በሠሩበት ሆስፒታል ተኙ። የካርድ ክፍሏ ወጣት ካርዳቸውን አጥታው ስትደናገጥ፣ እሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ «በግራ፣ አራተኛው መደርደሪያ፣ ከታች» ብለው አመለከቷት። እዚያም ተገኘ።

በሕመማቸው ጊዜ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። መድኃኒት አልለመኑም፤ ጸሎትም የሚጸልይ ሞልቷል። የለመኑት ዓይናቸው ሳይከደን ክበቡን የሚረከብ ሰው በስሙ እንዲነገራቸው ነው። መጋቢውና ጸሐፊው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ፣ ጸሐፊው እጃቸውን ይዞ፣ «እቴቴ፣ እርስዎ ብቻ ይዳኑልን እንጂ ክበቡ ለጊዜው ቢቆምም...» ብሎ ጀመረ። እቴቴ ከትራሱ ቀና ብለው፣ «ያቺን ቃል ድገማትና ከነመርፌዬ ከዚህ አልጋ እወርዳለሁ!» አሉት። ዋርዱ ሙሉ ሰማ። ጸሐፊው ቃሉን ዋጠ። ስም ግን አልተናገረም፤ አልነበረውማ። በበሽተኛዋ ፊት ቆሞ «እኔ አለሁ» የሚል አንድ ሰው ከዚያ ሁሉ ምዕመን ጠፋ።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች የያዙት ባለቤታቸው ናቸው። የሚያውቁት ታሪክ የዮናስን ብቻ ስለሆነ ሦስቱንም ቅዳሜ እሱኑ ነገሩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ልጆቹ እሳቸውን ማረም ጀምረው ነበር። እቴቴ ይህ ሲነገራቸው፣ «ዓሣው ራሱ እስኪሰለቸው!» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሱ። ሲያለቅሱም ሹክ አላሉም።

እቴቴ ማክሰኞ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የጠየቁት ስም አልተነገራቸውም። ረቡዕ ዕለት፣ ገና ሳይቀበሩ፣ በዕቃ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ቤተሰቡ አንብቦታል። የልጆች ክበብ በእቴቴ ሕልፈት ምክንያት ለጊዜው መቋረጡን ይገልጻል። የለጠፈው ሰው ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያቺ ቃል ምን እንደምትሠራ የማያውቅ የለም፤ አንዲት ተማሪ ከወንበሯ አስነሥታ በዚያው አስቀርታለችና።

እቴቴ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። እንዲሁም ሠላሳ ስምንት ልጆችን ትተዋል። እነዚህ ሠላሳ ስምንቱ አብዛኞቹ ማስታወቂያ ማንበብ ገና አልቻሉም። ስለዚህ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፀጉራቸውን ተበጥረው ይመጣሉ፤ በሩም ላይ ይቆማሉ። ያን ጊዜ ማን እንደሚከፍትላቸው ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት ሰዓት አይታወቅም። የሚያውቅ ካለ ከቀብር መልስ ለባለቤታቸው ይንገራቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ እሳቸው ይምጣ።

እግዚአብሔር የእቴቴን ነፍስ በሰፊው ቤቱ ያሳርፍ። እኛን ግን፣ አንዳችን ተነሥተን እኔ አለሁ እስክንል ድረስ፣ አያሳርፈን። አሜን።