የገብስማዋ እንቁላል

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እብናት ዘንድሮ ሙቀቱ በርትቷል ይላሉ፤ እኛ ደብረ ታቦር ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በደብዳቤ ደህና ያልሆነ ሰው መቼም አይገኝም።

ስልኬን አማችሽ ዳኛቸው ወስዶብኝ ነው መጻፌ። ፊደል መቁጠርሽ በጀን፤ ራስሽ አንብቢው፣ ለማንም አትስጪ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፦ እኔን አርግዘሽ ሳለሽ የምትፈሪው ምን ነበር?

ከየት አመጣሽው እንዳትዪኝ፣ ከዶሮ ነው። ገብስማዋን ዶሮዬን ጭልፊት ሲያሳድዳት ከረመ። እንቁላሎቿን የጎረቤቴን የጌጤን ቀይ ዶሮ አሳቀፍኳት፤ ቀይዋ ቤት ተዘግቶባት ያደገች፣ ጭልፊት በዓይኗ አይታ የማታውቅ፣ ረጋ ያለች ናት። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ሰሞን ግን ጣሳ ከእጄ ቢወድቅ ሁሉም መሬት ላይ ልጥፍ አሉ። ቀይዋ መጫሯንም አላቆመች።

የእንስሳት ባለሙያውን ይርጋን ብጠይቀው፣ የእናት ድንጋጤ በእንቁላሉ ውስጥ ለጫጩቷ ይደርሳል አለኝ። እናቲቱ ያየችውን ዓለም ነው የምታወርሳት፤ ጭልፊት ባለበት ነፍሷን ያተርፍላታል፣ በሌለበት ግን ስትበረግግ ጥሬ እንኳ በወጉ አትለቅምም ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እማ፣ አክስቴ ዝናሽ ጡት ከጣልኩ ጀምሮ ስታሳድገኝ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም። ታዲያ ገና ከልጅነቴ በር በኃይል ሲከፈት እጄ ራሴን ለመከለል ለምን ይነሣል? አባቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አገር ሁሉ ደግ ሰው ይለዋል። አንቺ ግን ስሙን ስታነሺ ሰምቼሽ አላውቅም። ለእህትሽ ለምን እንደሰጠሽኝም አልጠየቅሁሽም፤ ያልወደድሽኝ እየመሰለኝ ተደብቄ ስንት አለቀስኩ። አሁን ገብቶኛል መሰለኝ።

የዳኛቸው ሽማግሌዎች ሲመጡ «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» እያሉ ያሞግሱሽ ነበር፤ ቻይ ናት፣ ድምፅዋ ከደጇ አይወጣም እያሉ። ያኔ ኮርቼብሽ ነበር። እንደ አንቺ መቻል ግን አልሆነልኝም፤ አትቀየሚኝ።

ሰሞኑን በሩ ሲበረገድ እጄ ወደ ራሴ መሄዱን ትቷል። ወደ ሆዴ ነው የሚሄደው።

ገብስማዋን ለጌጤ ትቼላታለሁ። ቅዳሜ ወደ እብናት በሚወርደው መኪና እመጣለሁ። መደቡን ሰፋ አድርገሽ አንጥፊልኝ፤ ብቻዬን አልመጣም። ዳኛቸው ግን አብሮኝ የለም።

እስክንገናኝ እመብርሃን ከደጅሽ አትራቅ፤ ጉልበትሽን ትዳብስልሽ።

ያሸሸሻት ልጅሽ