ከጥምቀት በፊት የነበሩት አርባ አምስት ዓመታት፦ የአቶ አብዱልቃድር አላህዲኖ የሕይወት ታሪክ

አቶ አብዱልቃድር አላህዲኖ ከአባታቸው ከመምህር አላህዲኖ ሶምሮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱሃኒ እ.ኤ.አ. በ1958 በፓኪስታን፣ በሲንድ ክፍለ ሀገር፣ ሞሄንጆ ዳሮ ከተባለው ጥንታዊ ፍርስራሽ አጠገብ ባለች መንደር ተወለዱ። ይህ ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አልነበረም። ረቂቁን የጻፈው የባለቤታቸው ወንድም ፀጋዘአብ ካሳዬ ታሪካቸውን የጀመረው በ2003 ቶሮንቶ ውስጥ ከተጠመቁበት ቀን ነበር። ልጃቸው ሆሣዕና አንብባ፣ «ጋሼ፣ ዳዲ እኮ ቢፎር ቸርችም ሰው ነበር» ብላ መለሰችለት። ፀጋዘአብ የሚገባበት ጠፋው።

አቶ አብዱልቃድር አገራቸውን የለቀቁት በዚሁ ጉዳይ ነበርና። ታሪክ አጥንተው በ1981 በመምህርነት ተቀጠሩ። የክፍሉ መጽሐፍ የአገሪቱን ታሪክ የሚጀምረው እስልምና ሲንድ ከገባበት ዘመን ነበር። እሳቸው ግን ተማሪዎቻቸውን ወደ ፍርስራሹ ይዘው ይወርዱና ከአራት ሺህ ዓመት በላይ የቆየውን የጡብ ጎዳና እያሳዩ፣ ይህን ያነጠፉትም አያቶቻችን ናቸው፣ እነሱን መካድ ሃይማኖት አይደለም ይሉ ነበር። ተከሰሱ፤ ከሥራም ተሰናበቱ። ማስፈራሪያው ሲበዛ በ1994 ወደ ካናዳ መጡ።

ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ በተባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። እዚያው የተዋወቋቸውን ወይዘሮ ጽጌ ካሳዬን በ1998 አግብተው፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር እየኖሩ ሆሣዕናንና ያቤጽን ወለዱ። አማርኛን እዚህ ከተወለዱት ልጆች አስበልጠው ይናገሩ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ከእሳቸው ሲንዲኛ አንድ ቃል እንኳ አልተማረም።

በተጠመቁ ሰሞን ለቤቱ ሲጸለይ ፀጋዘአብ መደርደሪያው ላይ የሸክላ በሬ አየ። ጣዖት መሰለው። ሳይጠይቅ አንሥቶ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። ለካ አባታቸው ከፍርስራሹ የተገኘ የልጆች መጫወቻ አይተው በእጃቸው የሠሩላቸው ኖሯል። አቶ አብዱልቃድር ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ለቀሙና፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ መጫወቻ ነው» ብቻ አሉት። ነገሩን ዳግመኛ አላነሱም። ፀጋዘአብም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍሮ ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀረ፤ ዛሬ ሰሚው በሌለበት ይጠይቃል።

አቶ አብዱልቃድር በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው ኖቬምበር 9 ቀን 2025 በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። ወይዘሮ ጽጌ ባለቤታቸው የሚቀበሩበትን ልብስ ሲፈልጉ ከመሳቢያው ሥር ያንን በሬ አገኙት፤ ስብርባሪው አንድ በአንድ ተጣብቋል። ዛሬ በሬሳ ሳጥኑ ላይ የምታዩት እሱ ነው፤ ጣዖት አይምሰላችሁ። የጎደለው አንድ ቀንድ የፀጋዘአብ ጥፋት ነው።

ገና በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ያወቃቸው አምላክ ነፍሳቸውን በዕቅፉ ያሳርፍ።