“ስለት” ብዬ የጻፍኩባት ምላጭ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ወሰዷት። ጠዋት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ሱቄን በረበሩና የጎረቤታችንን የአስካለን አባት ምላጭ ከነእጀታዋ፣ ከነጠቀለልኩባት ጨርቅ ይዘዋት ሄዱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለት ያለው መሣሪያ ሁሉ ይመዝገብ ብሏል አሉኝ። መጋዜን አላዩም። መሮዬን አላዩም። መጥረቢያው በር ሥር ተጋድሞ እያለ ተራምደውት አለፉ። ምላጭ ታየቻቸው!

ዐሥራ አንድ ቀን ነው የለፋሁባት። የድሮው የቀንድ እጀታ ተሰንጥቆ ነበር። ከጢቾ ያስመጣሁትን ደረቅ ወይራ ለሁለት ስስ አድርጌ ሰንጥቄ፣ በሞረድ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በኑግ ዘይት አሸሁት። ምላጯ ስትታጠፍ በሁለቱ እንጨቶች መሃል ምንም ሳትነካ መግባት አለባት፤ ከነካች ትዶለዱማለች። ሁለቴ አበላሽቼ በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ።

አስካለ ለቅዳሜ ትፈልጋታለች። ምን እላታለሁ?

ማክሰኞ፣ 15

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው፤ “አንተ” ይለኛል። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከሌላ ሰው ዕቃ እንዳይደባለቅ “የስለት፣ ለገብርኤል” ብዬ ጽፌበት ነበር።

“ገብርኤል ማነው? የት ነው የሚኖረው?” አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የምሩን ነው፤ ገብርኤል ለሚባል ሰው መሣሪያ የማዘጋጅ መስሎታል። እኔ ጀማል፣ የሼህ ልጅ፣ ለገብርኤል ጠበቃ ሆኜ ዋልኩ። ታቦት ነው፣ የሴትዮዋ ስለት ነው፣ የልጅ ፀጉር ሊላጭበት ነው አልኩ። “ያ ስዕለት ነው፤ እሱም ቢሆን የኋላ ቀር ልማድ ነው። አንተ የጻፍከው ግን ስለት ነው” አለና በጣቱ ጠቆመኝ። ዕ የለችም። እውነቱን ነው፣ የለችም። እኔ የምጽፈው እንደምሰማው ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ ማን ሆነና? እነሱው ናቸው፤ እዚያው አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት። አስቆጥረውኝ ሲያበቁ ባስቆጠሩኝ ሊያስሩኝ ነው።

ስወጣ በኦሮምኛ ረገምኩት። በር ላይ የቆመው ጥበቃ የበቆጂ ልጅ ኖሮ ሰማኝ። ደግነቱ ሳቀ እንጂ አልተናገረብኝም።

ረቡዕ፣ 16

አስካለ ልጇን አዝላ መጣች። ሰባት ዓመት ልጅ አጥታ ኖራ፣ “ወንድ ልጅ ከሰጠኸኝ ሦስት ዓመት ሲሞላው በዕለትህ በአባቴ ምላጭ አስላጨዋለሁ” ብላ ተስላ ያገኘችው ነው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ እኔንም ለሠርጌ የላጨኝ እሱ ነው። የልጁ ፀጉር ትከሻው ላይ ወርዷል። አንድ ቀን መቀስ ነክቶት አያውቅም።

ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ምላጭ ልፈልግልሽ አልኳት።

“በአባቴ ምላጭ ብያለሁ ጋሼ። ቃሌን ካጠፍኩ ልጄን ይወስድብኛል” አለች። ይኼን ስትል ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው።

በሊቀመንበሩ የተናደድኩት ሳያንስ በራሴ ተናደድኩ። ማን ጻፍ አለኝ? ያለ ጽሑፍ ስንት ዓመት ዕቃ ተደባልቆብኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ 18

ትናንት ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ቀበሌ በር ላይ ተገትሬ ዋልኩ። ዛሬ ገባሁ። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዓይኔ እያየ ምላጯን ከእጀታው ጋር የያዘችውን የናስ ሚስማር በጉጠት ነቀለና እጀታውን ለብቻው ሰጠኝ። “እንጨቱ የአንተ ነው፣ ውሰድ። የሚመዘገበው ስለቱ ነው።”

ደሜ ፈላ። ከዚያ “እንግዲያው በስሜ መዝግባት፣ የእኔ ናት” አልኩት። ቅጽ አወጣ። ባለቤት፣ ጀማል። ዓይነት፣ ስለት። አገልግሎቱን ሲጠይቀኝ “ለመላጨት” አልኩ፤ እሱ “ለመከላከያ” ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ። በየወሩ ይዣት እንድቀርብ አዞ ምላጯን ሰጠኝ።

ባለቤቴ ዘሃራ ስትሰማ “አብደሃል? መሣሪያ ያለው ሰው የተፈለገ ቀን መጀመሪያ የሚመጡት እዚህ ነው” አለች። እውነቷን ነው። አዲስ ሚስማር ቀጥቅጬ እጀታዋን መለስኩላት። ስትታጠፍ እንጨቱን አትነካም። እንዲያ ተናድጄ እንዴት እንደተስተካከለች አላውቅም። ማታውኑ ለአስካለ ወስጄ ሰጠኋት።

ቅዳሜ፣ 19

ተላጨ።

አስካለ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ቤታችን ይዛው መጣች። ራሱ እንደ እንቁላል ሆኗል፤ ብርዱ አዲስ ሆኖበት በሁለት እጁ ይሸፍነዋል። ምላጯን መለሰችልኝ። መዝገቡ ላይ የእኔ ስለሆነች ከቤቴ መጥፋት የለባትም። ሴትዮዋ የአባቷን ዕቃ እኔ ዘንድ ጥላ ስትሄድ፣ አመሰገነችኝ። ለዚህም ይመሰገናል?

ዘሃራ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም። ልጁን ግን ጠርታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ነጠላዋን ራሱ ላይ ጣል አደረገችለት።