ልጆችን የምንለይበት ዕድሜ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ዝናብ። ቢሮ የደረስኩት ካልሲዬ ረጥቦ ነው። የጥናታችንን ሰንጠረዥ፣ የሰባት አገሮችን ትምህርት የሚያነጻጽረውን፣ ዛሬም አልጨረስኩትም... ለትምህርት ኮሚቴው የሚቀርብ ነው፣ እስከ ጸደይ መድረስ አለበት። የመጀመሪያው ረድፍ ግን አልቋል፦ ልጆች በስንት ዓመታቸው በውጤት ተለይተው ወደተለያየ ትምህርት ቤት ይላካሉ? ፊንላንድ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ፦ ዐሥራ ስድስት። ፖላንድም አሁን ዐሥራ ስድስት። ኔዘርላንድ ዐሥራ ሁለት። ኦስትሪያ ዐሥር። እኛ ጀርመኖች ዐሥር።

ፎልክማር ከኋላዬ ቆሞ አየው። አለቃዬ ነው፤ ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል።

"ጌዚነ፣ ይሄ ረድፍ የግድ መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት?"

"የት ይሁን ታዲያ?"

"መጨረሻ ላይ አባሪ አለ አይደል?"

አባሪ! አባሪ ማን ያነባል?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 17

የጥናቱን የታሪክ ምዕራፍ ስጽፍ ደሜ ይፈላል። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖቹ "ልጆቻችሁን በዐሥር ዓመታቸው አትለዩ" ሲሉን አሻፈረን አልን። ፊንላንዶች ደግሞ ድሮ እንደኛው ይለዩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ1970ዎቹ ተነሡና አንድ ትምህርት ቤት ለሁሉም አሉ። ከላይ ከሰሜኑ፣ ከበረዶው ጀምረው ዋና ከተማውን የመጨረሻ አደረጉት። የተቃወመ ተቃወመ፣ የጮኸ ጮኸ... ተደረገ። ፖላንዶች መለያውን በአንድ ዓመት አዘገዩት። አንድ ዓመት ብቻ! እኛ? እኛ ኮሚቴ እናቋቁማለን። እኔ ደግሞ ለኮሚቴው ሰንጠረዥ እሠራለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 29

ኔርሚን በሩ ላይ ቆመች። ፎቃችንን የምታጸዳው ቱርካዊት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ምንም ተነጋግረን አናውቅም። ባልዲዋን ኮሪደር ላይ ትታ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

"ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይህን ይዩልኝ።"

"ላንብብልዎት?"

"ማንበብማ አነበብኩት። ያልገባኝ እንዴት እንደዚህ እንደሚባል ነው።"

የልጇ የኤስራ የአራተኛ ክፍል ካርድ። ሒሳብ አንድ፤ ከዚያ በላይ ውጤት የለም። ጀርመንኛ ሁለት። ከሥር የመምህሯ ምክር፦ ሃውፕትሹለ። ከሦስቱ የትምህርት ቤት ዓይነቶች ዝቅተኛው! ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ጂምናዚየም ለእሷ አይሆንም ተብሏል። ምክንያቱ? "በቤት በቂ ድጋፍ ስለሌላት ይከብዳታል።"

"ድጋፍ ምንድነው እሱ?" አለች ኔርሚን። "እኔስ ምንድነኝ? ግድግዳ ነኝ?"

መምህሯ ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። "አንቺ" ማለቴን ያወቅኩት ከወጣች በኋላ ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 7

ወይዘሮ ሁልስማን፣ የኤስራ መምህርት። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ክፉ ሴት አገኛለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ክፉ አይደለችም። ለኔርሚን ወንበር ሳበችላት፣ ብስኩት አቀረበችልን። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ።

"ኤስራ ጎበዝ ናት፣ ማን ካደ?" አለች። "ግን ጂምናዚየም ገብታ በሁለተኛው ዓመት ስትመለስ የሚሰበረው የማን ልብ ነው? የልጅቷ። ስንቱን አይቻለሁ!"

"ሳትሄድ እንዴት ነው የምትመለሰው?" አለች ኔርሚን። "እስቲ መጀመሪያ ትሂድ!"

"ይህን እኮ እኔ አልፈለሰፍኩትም። ጥናት ነው።"

መሳቢያዋን ከፍታ ግራጫ የመምህራን መምሪያ አወጣች። ጠርዙ ተበልቷል። ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ በቀይ የተሰመረበት አለ፦ "የቤት ድጋፍ የሌላቸው ልጆች ጂምናዚየም ሲገቡ አብዛኞቹ አይዘልቁበትም።" በ1989 የወጣ። ሽፋኑን ገለጠችና የጸሐፊዋን ስም ጮክ ብላ አነበበች።

የእኔ ስም ነው።

ኔርሚን ዞራ አየችኝ። ምነው በሰደበችኝ!

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 8

መዝገብ ቤት ወረድኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር በኋላ ሌላ ነበረ፣ አስታውሰዋለሁ! "ስለዚህ ድጋፉን መስጠት ያለበት ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው።" ጂምናዚየሞቹን ላሳፍር ነበር የጻፍኩት። ማን ቆረጠው? ፎልክማር ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል... እየተሳደብኩ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለልኩት።

ረቂቁን አገኘሁት። ዓረፍተ ነገሩ በእርሳስ ተሰርዟል። ኅዳጉ ላይ፦ "ኮሚቴውን እንዳያስቆጣ።"

የእኔ የእጅ ጽሕፈት። የራሴ።

ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ቋሚ ሥራ እፈልግ ነበር። አገኘሁ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ፎልክማርን "መምሪያውን ከየትምህርት ቤቱ እናስመልስ" አልኩት። ሳቀ።

"የሃያ ዓመት ወረቀት! ማን ያነበዋል?"

"መምህራን ያነቡታል። እያነበቡ ልጅ ይጥሉበታል።"

"ለአንድ የጽዳት ሠራተኛ ብለሽ..."

"ጨርሰዋ! ለአንድ የጽዳት ሠራተኛ ብዬ ምን?"

አልጨረሰውም። ሰንጠረዡን ግን ወሰደብኝ። ረድፉ ወደ አባሪ ይሄዳል፣ ምዕራፉንም ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። በሩን እንደ ጎረምሳ ወርውሬ ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12

በከተማው ላሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ደብዳቤ ላክኩ። የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ምን እንደነበር፣ ማን እንደሰረዘው፣ ለምን እንደሰረዘው። በስሜ፣ በፊርማዬ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 21

የኤስራ የሙከራ ትምህርት የመጨረሻ ቀን። ምክሩን አልቀበልም ያለ ወላጅ ልጁን ሦስት ቀን ያስፈትናል። የዐሥር ዓመት ልጅ በማታውቀው ክፍል፣ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር... ከኋላ ሦስት ትልልቅ ሰዎች እያዩ ይጽፋሉ። ሦስቱም አይሆንም ካሉ አበቃ። ይህን ያሰበው ሰው ልጅ ነበረው?

ኔርሚን ሁለት ቀን ከኮሪደሩ ማዶ ነበር የተቀመጠችው። ዛሬ ግን አጠገቤ መጥታ፦

"ፊንላንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም?"

"የለም።"

"ብሄድስ? የሚጸዳ ቢሮ መቼም አላጣም።" ሳቀች። ሳቋን ቶሎ ዋጠችው። "ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ያ መምሪያ ምን እንደሚሠራበት አታውቂም ነበር?"

"አላውቅም ነበር።"

"ለማወቅስ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?"

"ጠይቄ አላውቅም።"

ኤስራ ወጣች። እንዴት ነበር ስንላት፣ "አንደኛው ሰውዬ ሙሉ ቀን ሲያዛጋ ነበር" አለች።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 29

አለፈች! ሁለቱ ይሁን፣ አንዱ አይሆንም ብለዋል። ኔርሚን ስልክ ላይ በቱርክኛም በጀርመንኛም ጮኸችብኝ። ደስ አለኝ... አንድ ሰዓት ያህል። ከዚያ ንዴቱ ተመለሰ። አብሯት የሚሄድ ዶክተር የሌላት እናትስ? ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችውስ?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

ጥናቱ ወጣ። ረድፉ አባሪው ውስጥ፣ ገጽ 212። ስሜ የለበትም። ከፎልክማር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ "ያለ ፈቃድ ለትምህርት ቤቶች በመጻፍ..." ከትምህርት ቤቶቹ የመጣው መልስ ሦስት ነው። ሁለቱ ስድብ። ሦስተኛው ከወይዘሮ ሁልስማን፣ በሁለት መስመር፦ "ቤቴ ይምጡ። የማሳይዎት ፎቶዎች አሉኝ።"

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

የክፍሎቿን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። በዚያ ገጽ የተነሣ ሃውፕትሹለ የላከቻቸውን ልጆች ፊት አጠገብ በእርሳስ ነጥብ አድርጋለች። ሠላሳ አንድ ነጥብ።

"እኔ ያመንኩት የተማረ ሰው ጽፎት ነው" አለችኝ። "እርስዎ ጻፉት። እኔ አመንኩዎት!"

"እርስዎስ ዐይን አልነበረዎትም? ልጆቹ ፊትዎ ተቀምጠው!"

ተጯጯህን። ጎረቤቷ ግድግዳ ደበደበ። ከዚያ ሁለታችንም ደክሞን ፎቶዎቹን ማየት ጀመርን። አንድ በአንድ። ስማቸውን ሁሉ ታስታውሳለች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ዛሬ ሁለታችንም ልጆቹን ፍለጋ ሄድን። የመጀመሪያዋ ያድራንካ ትባላለች፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ዳቦ ቤት ውስጥ ሻጭ ናት።

"ወይዘሮ ሁልስማን! አልረሱኝም? ምን ልስጥዎት፣ የአጃ ዳቦ?"

ወይዘሮ ሁልስማን ወደ እኔ ዞረች። ለያድራንካ እኔ ነገርኳት። የሒሳብ ውጤቷን፣ ገጽ ዐሥራ አንድን፣ የሰረዝኩትን። ከኋላችን የተሰለፈ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ያድራንካ የዳቦ መቆንጠጫውን ይዛ ቀረች።

"እና... ደደብ ስለሆንኩ አልነበረም?"

"አልነበረም" አለች ወይዘሮ ሁልስማን።

"ልጄ እኮ ሒሳብ ሲያቅታት፣ 'አይዞሽ፣ በእኔ ወጥተሽ ነው' እላታለሁ። ሁለተኛ ክፍል ናት።" ፊቷ ቀላ። "ውጡልኝ።"

ወጣን። መንገዱን ሳንሻገር ከኋላችን ስትሮጥ ሰማናት። ሽርጧን እንኳ አልፈታችም፤ እጇ ላይ ባዶ የዳቦ ከረጢትና እስክሪብቶ ይዛለች።

"አሁን ያላችሁትን ጻፉልኝ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ልጄ ማንበብ ትችላለች።"

የአንድ መኪና ኮፈን ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። ምንም አልሰረዝኩም። ፈረምን።

ሠላሳ ይቀራሉ።