የቀይዋ ጌጅ ተሠርቷል

ለአባቴ፣ ለቀይዋ ባለቤት፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለያየን ሁለት ረመዳን አለፈ። ሀቢቾ ያለው መቃብርህ ጋ ስመጣ ዘመድ ስለሚከበኝ ዱዓ አድርጌ እመለሳለሁ እንጂ የልቤን ተናግሬህ አላውቅም። ዛሬ ግን ጋራዡን ከውስጥ ዘግቼ፣ ሻይ የምትጠጣበት በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። የናፍቆት ደብዳቤ ከጠበቅክ ተሳስተሃል። ተናድጃለሁ። በአንተም በእማም ተናድጃለሁ፤ ከሁሉ የባሰ ደግሞ በራሴ። ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ይህን ወረቀት አላጥፍም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ተመርቄያለሁ። ጠዋት ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ጋራዡን እከፍታለሁ። የባጃጅ ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን "ሰውዬው የሉም?" እያሉ ከኋላዬ ያዩ ነበር፤ አሁን ለምደውኛል። ጓደኛህ ጋሽ ሸምሱ አይሱዙአቸውን ይዘው ከአዲሎ ሲመለሱ ዛሬም ጎራ ይላሉ፣ ያንተን ቦታ አይተው ሳይቀመጡ ይሄዳሉ። እማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ቀይዋ መኪናህም አለች። ሁለት በሯን ዘግታ፣ ሸራዋን ለብሳ፣ ጥግ ላይ እንደተኮራመተች ናት። እማ ትሸጥ ብላ ቆርጣለች። ሸራውን ባየች ቁጥር "ለጨዋታው ሲል ቤንዚኗን ጨርሶ ራሱን ገደለ" ትላለች። ለቀስተኛ ፊት ብላዋለች፣ ለወንድሞችህ ብላዋለች፣ ትናንት ደግሞ መኪናዋን ሊገዛ ለመጣ ለማላውቀው ሰው ነገረችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ከተረገመ ቪዲዮ ነው። ለክረምት እረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ስልኬ ላይ አሳየሁህ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዷ ቢጫ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ የቤንዚን የውድድር መኪና፤ ስታጓራ ስልኩ እጃችን ላይ ይነዝራል። ሌላዋ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ መኪና፣ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ የምትመስል። ሂዱ ሲባሉ ቢጫዋ ጎማዋን እያጨሰች ማርሽ እስክትቀይር ነጯ ኮሽ ሳትል ጥላት ሄደች። ልቤ እየዘለለ አስረዳሁህ። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ዙሩ እየጨመረ ሲሄድ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ግን ከቆመበት ያለ የሌለ ኃይሉን ይሰጣል፤ ፍሪሲዮን የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ዘይት ቀይሩልኝ አይል። አንተ ስልኩን መለስክልኝና፣ ጋራዡ በሰው በተሞላበት፣ "ታዲያ መብራት ሲጠፋ መንገድ ላይ ልትቀር ነው?" አልክ።

መብራት በየቀኑ በሚጠፋባት ሆሳዕና ከተማ እንዲህ ተብሎ ማን ይችላል! ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ባትሪ አላት፣ ሞልታ ነው የምትወጣው ብል ማን ይስማኝ። አንተ ከልብህ መሰለህ እኮ፤ ገመድ እየጎተተች የምትሄድ መስሎህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ተቀየረ፤ "መብራት ጠፋ መጣች" ይሉኝ ጀመር። አራት ዓመት ተምሬ ያተረፍኩት ስም ይኸው ነው። አንተም አላስቆምካቸውም፣ እንዲያውም አብረህ ጠራኸኝ።

ማታ እራት ላይ ደግሞ ሳትስቅ ተናገርክ። አንተ ስትቀልድ በአማርኛ፣ ስትቆጣ በሀድይኛ ነበር፤ ያን ማታ በሀድይኛ ነው የተናገርከው። ድምፅ የሌላት መኪና ሬሳ ናት አልክ። ሞተር የታመመችበትን ለሚሰማት ሰው ትነግረዋለች፣ ያቺ ያንቺ ነጭ ምን ትናገራለች አልክ። መካኒክ የማትፈልግ መኪና ከመጣች እኔ ምን ልሆን ነው አልክ። የመጨረሻው ፍርሃት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያኔ የገባኝ እንደናቅከኝ ብቻ ነበር፣ እኔም ክፉ መለስኩልህ። የሰፈር ዝገት ጠጋኝ አልኩህ። እማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ እኔና አንተ ሳምንት ሙሉ ሳንነጋገር ከረምን።

አሁን ወደዚያ ነገር መጣሁ።

እሑድ ዕለት ቀይዋን ትተህ ለሠርግ ወደ ሀቢቾ ሄድክ። ከተማው ቤንዚን ካጣ ሰንብቷል፤ ማደያው በር ላይ ባጃጆች ተሰልፈው ያድሩ ነበር፣ በየጥጉ በሃይላንድ የሚሸጠውም በእጥፍ ነበር። አንተ ግን ሕግ ነበረህ። በቢላ የጫርክባት ያቺን ረጅም እንጨት ታንከሯ ውስጥ ታስገባለህ፣ ከሦስተኛው ጭረት በታች ከወረደች ቀይዋ ከግቢ አትወጣም። ይሄ የክፉ ቀን ነው ትል ነበር። ሸራውን ገፍፌ ቁልፏን ይዤ ወጣሁ። ከከተማው መውጫ፣ ቀጥ ያለው አስፋልት ላይ፣ በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ ከቆመችበት በሰዓት እስከ መቶ ኪሎ ሜትር ረገጥኳት። አስራ ሁለት ሰከንድ። ደገምኩ፤ አሁንም አስራ ሁለት። ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ቁጥሩን ፊትህ ላስቀምጥ፣ ያንተ ጩኸታም ከኔ ነጭ ጋር ብትሰለፍ አቧራ እንደምትበላ ላሳይህ ብዬ ነው። የቤንዚን ጌጇን አየሁ፤ ግማሽ ትላለች። ሁልጊዜ ግማሽ ነው የምትለው፣ ከገዛሃት ቀን ጀምሮ ሞታለች። እንደምትዋሽ አውቃለሁ። የምፈልገውን ስለነገረችኝ ግን አመንኳት፣ እንጨትህን ሳልነካ ሸራዋን መልሼ አለበስኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ደረትህን ይዘህ ከአልጋ ተነሳህ። ላብህ ይንጠፈጠፍ ነበር። እኔ ልንዳ ብል እንቢ ብለህ በሾፌሩ በር ልትገባ ስትል ጉልበትህ መሪው ላይ ተሰነቀረ። ወንበሩ ወደፊት እንደተሳበ ነበር፣ በኔ እግር ልክ። ወንበሩን አየህ፣ ከዚያ እኔን አየኸኝ። ዞረህ በሌላኛው በር ገባህ። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ እሷ ግን አትነሳም። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ሰማኻትና፣ ደርቃለች አልክ። እማ በከምባትኛ ጮኸችብህ፤ አንተ ነህ የጨረስካት፣ ይቺን ቀን ነው ስትጠብቅ የኖርከው አለችህ። አንተም አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ረሳሁት አልካት።

ለምን? ወላሂ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ለምን ዋሸህ? ሳምንት ሙሉ አኩርፈኸኝ፣ በሰው ፊት አስቀህብኝ፣ በመጨረሻው ሰዓት ደግ መሆን ማን አስተማረህ? እዚያው ብትሰድበኝ ተሰድቤ፣ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ባጃጅ ፍለጋ ሮጥኩ፤ ሁሉም ማደያው በር ላይ ደርቀው ቆመዋል። ጋሽ ሸምሱ ድንች እንደጫኑ እስኪደርሱ ስንት ደቂቃ እንደሄደ አልቆጠርኩም። ሰከንድ ስቆጥር የዋልኩት ሰው ያን አልቆጠርኩም። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብትሉ ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ቀደም ብንል ትተርፍ እንደሆነ አላህ ያውቃል፣ እኔ ግን አላውቅም። የመኪና ኮፈን ስትከፍት ኖረህ በከፈን ወጣህ። ደግሞ ልንገርህ፤ የዚያን ቀን ጠዋት መብራት አልጠፋም ነበር።

ጌጇን ለምን አልሠራሃትም? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ። የዞኑን መኪና ሁሉ ስትጠግን የራስህን አንዲት ቀስት እንዴት ተውክ? ባለፈው ሳምንት ታንከሯን አውርጄ ፈታሁት። የቤንዚኑን ልክ ለጌጇ የምትነግረው ተንሳፋፊ ክንዷ ዝጎ መሃል ላይ ተቸክላ ቀርታለች፣ ሌላ ምንም የላትም። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። ግማሽ ቀን አባዬ! ታንከሩን አቅፌ ጮኼ አለቀስኩ፣ የባጃጅ ልጆቹ እሳት ያቃጠለኝ መስሏቸው ውሃ ይዘው መጡ። ነዳጅና ንዴት ካንድ ቤት የወጡ ቃላት ናቸው፣ ሁለቱም ይነድዳሉ። ያንተ አለቀ፣ የኔ አላልቅ ብሎኛል።

አንድ የደበቅኩህም አለ። ያን ቪዲዮ ቆርጬ ነው ያሳየሁህ። ደጋግመው ሲያወዳድሯቸው ነጯ ባትሪዋ ግሎ ደከመች፣ ቢጫዋ ግን የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ እያጓራ መጨረሻ ላይ ቀደመቻት። አሁንም ከቆመበት ለመፈትለክ ኤሌክትሪኩ ይበልጣል እላለሁ፣ ከዚህ ፍንክች አልልም። ያን የቪዲዮውን ጭራ ብታየው ግን ምን ያህል ትስቅ እንደነበር አውቃለሁ። ላሸንፍህ ነበር የፈለግኩት እንጂ እውነቱን ላሳይህ አልነበረም።

ቀይዋ አትሸጥም። ዛሬ ቤንዚን ሞልቼባታለሁ፣ ቀስቷ ተነስታ ልክ ቦታዋ ላይ ቆማለች። እኔ ግን እንጨትህንም አስገብቼ አየሁ። ወንበሯን ወደ አንተ እግር ልክ ወደኋላ መልሼዋለሁ። ስነዳት እስበዋለሁ፣ ስወርድ እመልሰዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ እንዲሁ አደርጋለሁ። አንተን የማስታውስህ በዚህ ነው።

አሁን ልነሳ ነው። እማ ግቢ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ነው፣ ከዚህ ትታየኛለች። ይህን ሁሉ ለአንተ በአማርኛ ጻፍኩት፣ በአማርኛ መፎከር ይቀናኛል። ለእሷ ግን በራሷ በከምባትኛ ነው የምነግራት፣ በዚያ ቋንቋ ከእሷ ጋር ዋሽቼ አላውቅም፤ ዝም ብዬ ብቻ ነው የኖርኩት። እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ እላታለሁ። ከዚያ በኋላ የምትለውን ትበል።

አላህ ይርሐምህ።

ልጅህ፣ መብራት ጠፋ