ዝሆን ቢወድቅበት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ገበያው ቀዝቅዟል። ሁለት የሕፃን ፍራሽና አንድ ትራስ ሸጥኩ፣ በቃ። ወሬው ግን ይፋጃል። ትናንት ማታ በቴሌቪዥን አነካሹ ሞተ። ያ ከዘራውን የማይለቀው መርማሪ። ወንበዴው ካላለቀ ሕንፃ አናት ላይ ገፈተረው። ደም አስፋልት ላይ ታየ፣ ሬሳው ተሸፈነ። ከዚያ ባዶ መንገድ፣ የከዘራ ድምፅ... ኳ፣ ኳ። አለቀ። ቀጣዩ ክፍል ከወራት በኋላ ነው አሉ።

እንግዲህ ሰፈሩ በሙሉ መርማሪ ሆኗል። ሁሉም ደግሞ የሚያስበው በሙያው ነው። ከጎኔ ያሉት ልብስ ሰፊ ጋሼ፣ "የወደቀው አሻንጉሊት ነው። ኮቱን አላየሽም? ትከሻው ላይ አልተሸበሸበም እኮ! ሰው የለበሰው ኮት ይሸበሸባል" አሉ። ሥጋ ሻጩ ሳቀባቸው። "ኮቱን ተዉትና ደሙን እዩ። ደም እንዲህ ቀልቶ አይቆይም፣ እኔን ጠይቁኝ። ቀለም ነው!" የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደግሞ የልብ ምት የሚያዘገይ መርፌ አለ ትላለች።

እኔስ ዝም እላለሁ? ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ትሰማለች። "ከሥር ስፖንጅ ተነጥፎለት ነበር። ያውም ከዚህ ሱቅ የተገዛ" አልኩ። "የኔ ስፖንጅ ዝሆን ቢወድቅበት፣ ዝሆኑ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል!"

ሳቁ። አንድ መንገደኛም በሳቁ መሀል ገብቶ የሁለት ሰው ፍራሽ ገዛ። ወሬም አንዳንዴ ይሸጣል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ልጄ በስልኳ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትከራከር ዋለች። ሞቷል የሚሉ አሉ፣ አልሞተም የሚሉ አሉ። እሷ የስፖንጅ ወገን መሪ ሆናለች። የዝሆኑን ነገር ጽፋው ብዙ ሰው ወዶላታል። "እማዬ፣ ታዋቂ ሆነሻል" አለችኝ።

ደስ አለኝ። ለራሴ ምን እደብቃለሁ? ደስ አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በእናቷ ሱቅ ስትኮራ ካየኋት ቆይቷል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ልታግዘኝ መጣች። ትራስ እየጠቀለለች ጠየቀችኝ።

"ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሦስተኛ ፎቅ ቢወድቅ ስንት ስፖንጅ ይበቃዋል?"

"ከጠንካራው ከሆነ አምስት።"

ከየት አመጣሁት? እንጃ። ከአፌ ወጣ። ሻጭ "አላውቅም" ካለ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ነው የኖርኩት። አመሰግናለሁ አለችኝ። መቼ ነው ልጄ አመሰግናለሁ ብላኝ የምታውቀው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

መጋዘን ገባሁ። ለሶፋ የምናስቆርጠው ጠንካራ ስፖንጅ ክምሩ ዝቅ ብሏል። ዘበኛውን ጠየቅሁት። "እትዬ፣ ልጆቼን ይንሳኝ!" ብሎ ማለ። አምነዋለሁ። ሌባ ቢሆን ትራሱን ነው የሚወስደው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሸጣል። ቁመቱን የሚያህል ስፖንጅ ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ አይቼ አላውቅም።

ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ አንገቴ ላይ፣ አንዱ ቤት ምስማር ላይ። ቤት ደግሞ ያለነው ሁለት ነን...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

እራት እየበላን ነው።

"እማዬ፣ አርባ አምስት ኪሎ ከሆነስ? ሦስት ይበቃል አይደል?"

"ማነው አርባ አምስት ኪሎ?"

"እንዲሁ ነው። ለማወቅ።"

ውሃ ላነሳ ስል ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ። "ቀስ በይ እንጂ" አለችኝ። እሷ ናት ቀስ በይ የምትለኝ!

ደንበኛ ልኬት ከቀየረ የሚገዛለት ሰው ተቀይሯል። ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። አነካሹ ግዙፍ ሰው ነው። አርባ አምስት ኪሎዋ እዚህ ፊቴ ቁጭ ብላ የምትበላው ናት።

ልጠይቃት? ትክዳለች። ከካደች ደግሞ ትደብቀኛለች፣ ቦታውንም ቀኑንም ሳላውቅ እቀራለሁ። ሊሄድ የተነሳ ገዢ እጁን አይያዝም። ይሄን እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ እንጂ... ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የመጋዘኑን ቁልፍ አስቀየርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስፖንጁ እንደሆነ ወጥቷል። የት ነው ያለው?

ልብስ ሰፊው ጋሼ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። "ልጅሽ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት! ትናንት የጓሮውን ገመድ ፈታች፣ ጠረገች፣ ባልዲውን ሁሉ ወደ ዳር አደረገች። ምን ልትሠሩ ነው ብላት፣ ቪዲዮ ነው አለችኝ።"

ከሱቁ ጀርባ ወጣሁ። የልብስ ማስጫው ገመድ የለም። ባዶ ሲሚንቶ። ቀና ብዬ የሕንፃውን ጣሪያ አየሁ። ሦስት ፎቅ...

አሁን ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ እጄ ሥራ እንዲይዝ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም። ነገ ነው ያሰበችው ማለት ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይዣት እመጣለሁ። አነጋግራታለሁ። እንደ ነጋዴ ሳይሆን እንደ እናት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ትናንት ልጽፍ ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ።

ዓርብ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ማንም የለም። ዘበኛው፣ "ዛሬ እኮ ግማሽ ቀን ነው። አልነገረችዎትም?" አለኝ።

ወደ ሱቁ ጓሮ ሮጥኩ። መቼ ሮጬ አውቃለሁ? ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ።

ጓሮው ውስጥ ስፖንጆቼ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። ሦስት። የክፍሏ ልጅ፣ መነጽራሙ፣ ስልኩን ወደ ላይ ቀስሮ ቆሟል። ልጄ ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ የዳሩ ግንብ ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿ ወደ ውጭ...

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ብትደነግጥስ? ዘጋሁት። ልብስ ሰፊው ጋሼ ከኋላዬ ወጥተው "እግዚ..." ሲሉ አፋቸውን በእጄ ያዝኩ። እኚህን ትልቅ ሰው!

"ልጄ!" አልኳት። በሱቅ ድምፄ። ደንበኛ በምጠራበት።

"እማዬ ሂጂልኝ! በቀጥታ እየተላለፈ ነው!"

"እሄዳለሁ። ዕቃው ተሞክሯል ወይ?"

"ምን?"

"ከኔ ሱቅ ሳይሞከር የሚወጣ ዕቃ አለ? ትራስ የሚገዛ እንኳ በቡጢ ይመታዋል። እናንተ በምን መታችሁት?"

"ቦርሳ ጣልንበት" አለ መነጽራሙ።

"ቦርሳ! ቦርሳ ደግሞ ሰው ነው?" ሳቅሁ። በምን አቅሜ እንደሆነ እንጃ። "ያውልሽ፣ ከጎንሽ ግንቡ ላይ የአሸዋ ጆንያ። ጣሪያ ጠጋኞቹ ትተውት የሄዱት። እሱን ገፍተሽ ጣዪው። ስፖንጁ ከያዘው ያኔ እንነጋገራለን።"

ጆንያውን ዞራ አየችው። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ጆንያውን ለመግፋት ከግንቡ ወደ ውስጥ መውረድ አለባት። ስለ ስፖንጁ አላሰብኩም። ስለ እግሮቿ ብቻ ነው ያሰብኩት።

አንዱን እግር መለሰች። ከዚያ ሁለተኛውን።

ወደ ደረጃው በረርኩ። አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ ፎቅ። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ድምፁን ሰማሁ።

ዷ።

ምን ነው የወደቀው? ጆንያው ነው? ሐሳቧን ቀይራ ከሆነስ? ማን ይንገረኝ? ቀሪውን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። የማስታውሰው የብረት መደገፊያው እንደ በረዶ መቀዝቀዙን ነው።

ቆማለች። ሁለት እጇን ግንቡ ላይ ጭና ወደ ታች ታያለች። ሹራቧን ከኋላ ጨመደድኩ፣ አልለቀቅሁም።

"ሸሸ" አለች።

"ምኑ?"

"ስፖንጁ። ሸሸ እማዬ።"

አየሁ። ሦስቱም በየአቅጣጫው ተንሸራተዋል። ጆንያው በመካከላቸው ገብቶ ሲሚንቶው ላይ ፈንድቷል። አሸዋው እስከ ልብስ ሰፊው በር ድረስ ተረጭቷል።

ቁጭ አልን። እዚያው፣ ጣሪያው ላይ። ልመታት እጄን አነሳሁ፣ እጄ ወርዶ ፀጉሯን ያዘ።

"ለምን? ለአንድ ቴሌቪዥን ብለሽ?"

"ለቴሌቪዥኑ አይደለም። ሁሉም ውሸት ነው፣ እናትሽ ነጋዴ ናት፣ ነጋዴ ደግሞ ይዋሻል ብለው በስልክ ሲጽፉልኝ..." ጥርሷ ይንገጫገጫል። "አንቺ ነሽ ያልሽው እኮ። ዝሆን እንኳ ብለሽ። አምስት ይበቃል ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አነካሹን አላመንኩም። አንቺን ነው ያመንኩት።"

ለማንም ደንበኛ መልስ አጥቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

አንዲት ሴት ፍራሽ በቡጢ ስትመታ ዘለልኩ። "ምን ነካሽ እትዬ?" አለችኝ። ሳልሸጥላት ቀረሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

የጣሪያው በር ላይ ቁልፍ አሠራሁ። ስተኛ አሁንም ደረጃው ላይ ነኝ። ድምፁን እሰማለሁ፣ ጣሪያው ላይ አልደርስም። ተነስቼ ክፍሏ በር ላይ እቆማለሁ። ትንፋሿን ካልሰማሁ አልመለስም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ትናንት አነካሹ ተመለሰ። "እንዴት ተረፍክ?" ሲሉት "ረጅም ታሪክ ነው" ብሎ ከዘራውን አነሳና ሄደ። ይኸው ነው! ገበያው ተቆጣ። ልብስ ሰፊው ጋሼ ብቻ ደስ ብሏቸዋል። "አሻንጉሊት ነው አላልኩም? አላስተባበለም እኮ!" ልጄ እስከ መጨረሻው አላየችውም። ተነስታ ሳህን አጠበች።

ዛሬ ሱቅ አብራኝ ዋለች። አንድ አባት ልጁን በእጁ ይዞ ገባ። ፍራሹን ጫን ጫን አደረገው።

"ይሄ ልጅ አልጋ ላይ ሲዘል ነው የሚውለው። ይችለዋል?"

አፌን ከፈትኩ። ዝሆኑ ምላሴ ላይ መጣ። ስንት ዓመት የሸጠልኝ ዝሆን። ዋጥኩት። ደንበኛው ቆሞ ያየኛል።

ልጄ መጥታ ከጎኔ ቆመች። እጇን ፍራሹ ላይ ጫነች፣ እስከ ታች፣ እንጨቱ እስኪሰማት።

"ለተኛ ሰው ጥሩ ነው" አለችው። "ለሚወድቅ ግን አይሆንም።"

ሰውዬው ሳቀና ገዛ። እኛ አልሳቅንም።